ምስጋናው ካለቀ በኋላ

አርባ ዓመት ግድግዳ ቀብቻለሁ። ካርቱም ውስጥ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ቪላዎች ስንቱን እንደቀባሁ አላውቅም። አንዳንዱን ሦስት ጊዜ ነው የቀባሁት። ባለቤቱ ሲሞት ልጁ የአባቱን ቀለም ይጠላዋል፤ ልጁ ሲያገባ ደግሞ ሚስቱ የእሱን ትጠላዋለች። እጄን የበላው ይሄ ነው። ሐኪሞቹ አይደለም ይላሉ፤ ቁርጥማቱ ከደም እንጂ ከቀለም አልመጣም ይላሉ። እነሱ ያውቃሉ። ብቻ ቀድሞ የተጣመመው ብሩሽ የያዝኩበት እጄ ነው።

የምጽፈው ግን ስለ ቀለም አይደለም። ስለ አንድ ወረቀት ነው። ይሄ የሆነው ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሳይጀመር ነው። ስለ ተኩሱ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እኔ ፊደል ቆጥሬ የተውኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ብቻ ልጻፍ።

ካርቱም ሁለት በሚባል ሰፈር ከሱቆች ጀርባ አንድ የእርዳታ ክሊኒክ ነበር። በሩ ላይ ምልክት የለውም። እንደ እኛ ያለውን ስደተኛ ያለ ብዙ ጥያቄ ያክማል። ዓርብ በዚያ አገር ሁሉም ይዘጋል፤ ይሄ ክሊኒክ ግን ለቁርጥማት የሚከፍተው ዓርብ ጠዋት ነው። ምክንያቱም የቤት ሠራተኞቹ ሌላ ቀን አይለቀቁም። እኔ ከኦምዱርማን በሀፍላ እመጣለሁ፤ ሀፍላ የምንለው አውቶቡሱን ነው። ድልድዩ ላይ ሲንገጫገጭ ጉልበቴ እያንዳንዱን ጉድጓድ ይቆጥራል። ደረጃውን ለመውጣት ኩምሳሪው፣ ማለት ትኬት ቆራጩ፣ ክንዴን ይዞ ይጎትተኛል። ሲጎትተኝ የማለቅስ ይመስለዋል መሰለኝ ፊቱን ያዞራል።

እኛ ሐበሾች ሰባት ነበርን። ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹ አንዷ የወሎ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሪያድ የምትሠራበት ቤት ውስጥ ነው የምታድረው። አንድ ቀን ወረፋ ስንጠብቅ የትኛው ቤት እንደሆነ ብጠይቃት እኔ የቀባሁት ቤት ሆኖ ተገኘ።

«ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር የቀለም ጠብታ አለ፣ እብነ በረዱ ላይ» አለችኝ። «ስድስት ዓመት ፈግፍጌ አልለቅ አለኝ። የእርስዎ ነው፣ አባባ?»

«የእኔ ነው።»

«እጅዎን ይስበረው» ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ እጄን አየች፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም ሳቅን። ምን ይሰበራል ከዚህ በላይ።

የእሷ ይብሳል። ጣቶቿ መነሻቸው ላይ አብጠው ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዘመዋል። የውኃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት አትችልም፤ በጥርሷ ነው። እኔም በጥርሴ እንዳልከፍትላት ጥርስ የለኝም። እንዲህ ሆነን ነበር የምንቀመጠው።

አንድ ዓርብ አንዲት ሱዳናዊት ዶክቶራ፣ ማለት ሴት ሐኪም፣ መጣች። ወጣት ናት፤ ወረቀት የታቀፈች። ያ ሐጅ ትለኛለች። ሐጅ እንዳልሆንኩ፣ ክርስቲያን እንደሆንኩ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። «ኸላስ፣ ገባኝ፣ ያ ሐጅ» ትላለች። አረብኛ አንቱ የለውም፤ አንተ እያለች ነው የምታወራኝ፤ ግን በክብር ነው።

አዲስ መርፌ እንደመጣ ነገረችን። ውድ ነው። ከዱሮው ኪኒን ጋር ሊያወዳድሩት ነው፤ ግማሻችን መርፌውን፣ ግማሻችን ኪኒኑን። ከፋዮቹ ግን እብጠቱ ጎደለ አልጎደለ ብቻ አይደለም ማወቅ የሚፈልጉት። ውዱ መድኃኒት ከርካሹ በምን ያህል ኑሮ ይበልጣል፣ ይሄ ነው ጥያቄያቸው።

«ኑሮ በምን ይለካል?» አልኳት።

«በእናንተ አፍ።»

«በእኛ አፍ ከተለካማ ተለካ» አልኩ። ቀልዴን ነበር።

አማርኛና አረብኛ እኩል የሚያውቅ ሰው ፈለገች። እኔ አለሁ አልኩ። ማን አለ ሌላ? አርባ ዓመት በአረብኛ ተከራክሬ፣ በአረብኛ ተጣልቼ፣ በአረብኛ ታርቄያለሁ። በማንበቡ እንጂ በመናገሩ ማንም አይበልጠኝም። ይሄ ኩራቴ ነው ያጠፋኝ።

ዶክቶራዋ ጥያቄውን ታነባለች፣ እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ የተጠየቀው ሰው ይመልሳል፣ እኔ መልሼ በአረብኛ እላለሁ። አምስት ጥያቄ ነው። ስለ መራመድ፣ ስለ መታጠብና መልበስ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጭንቀት። ለእያንዳንዱ አምስት ዓይነት መልስ አለው። ምንም አይቸግረኝም፣ ትንሽ ይቸግረኛል፣ መካከለኛ ነው፣ በጣም ይቸግረኛል፣ ጭራሽ አልችልም። ይሄን ሁሉ ማንዛዛት ምን ያደርጋል ብዬ አሳጠርኩት።

«መታጠብ መልበሱስ እንዴት ነው?» አልኳት የወሎዋን ልጅ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ኩዋይሳ» አልኩ ለዶክቶራዋ። ደህና ናት ማለቴ ነው።

«ሥራውስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አባባ።»

«ኩዋይሳ።»

«ሕመሙስ?»

«ምን ይደረጋል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ኩዋይሳ።»

ዶክቶራዋ ቀና ብላ የልጅቷን ጣቶች አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እንዲህ ነው ያለችው?»

«እንዲህ ነው ያለችው።»

ያለችውን ነው ያልኩት። እንዴት ነህ ሲሉን የምንለው ይሄው ነው። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ አልጋ ላይ ወድቆም ይላል። አባቴ በሞተበት ቀን ጠዋት እንዴት አደርክ ቢሉት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብሎ ነው የሞተው። ሕመሙን አንድ በአንድ ለባዕድ የሚዘረዝር ሰው ሲያማርር ነው የሚመስለን። ሰባታችንም እንደዚያው መለስን።

ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ እንደ ሙቀት መለኪያ ሽቅብ የቆመ መስመር አለ። ታች ዜሮ፣ ላይ መቶ። ዜሮው ልታስበው የምትችለው ክፉ ጤና ነው፣ መቶው ልታስበው የምትችለው መልካሙ። ዛሬ የት ነህ ይላል። ሴቶቹ ዘጠናም አሉ፣ ዘጠና አምስትም አሉ። እኔን ስትጠይቀኝ «ሚያ ሚያ» አልኳት፤ መቶ በመቶ ማለት ነው፤ ሱዳን ውስጥ ሻይ ቤት የሚያገኝህ ሁሉ ደህና ነህ ሲልህ የምትለው ነው። እሷም መቶው ላይ ምልክት አደረገች።

መጨረሻው የዓመት ጥያቄ ነው። አሥር ዓመት አሁን ባለህበት ጤና ትኖራለህ እንበል። ወይም ከአሥር ያነሰ ዓመት ሙሉ ጤነኛ ሆነህ ትኖራለህ። ከአሥሩ ስንቱን ትለቃለህ? ይላል።

«ዕድሜ የማን ነው?» አልኳት ዶክቶራዋን።

«የአላህ ነው።»

«ታዲያ የማንን ነው የምታስለቅቂኝ?»

«ጥያቄ ነው፣ ያ ሐጅ። ማንም አይወስድብህም።»

ለእኔ አልለቅም ብለሽ ጻፊ አልኳት። ሴቶቹን ደግሞ አልጠየቅኳቸውም። እውነቱን ልናገር። ወደ ወሎዋ ልጅ ዞሬ በአማርኛ «ይሄ የማይረባ ጥያቄ ነው፣ ተዪው» አልኩና ለዶክቶራዋ «አንድም አልለቅም ብላለች» አልኳት። ለስድስቱም እንደዚያው።

ከዚያ ዕጣ ወጣ። የወሎዋ ልጅ መርፌው ደረሳት፤ ለእኔ ኪኒኑ።

መርፌው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ሁለት ወር አለፈ። አንድ ዓርብ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የውኃ ጠርሙሴን በሁለት መዳፌ መሐል አድርጌ ስታገል ሳትናገር ከእጄ ወሰደችውና ጠምዝዛ ከፈተችው። ክዳኑ ጠቅ ሲል ሁለታችንም ሰማነው።  እሷ ጠርሙሱን ዘግታ እንደገና ከፈተችው።

«በቃ ስጪኝ፣ ጠማኝ» አልኳት።

«ይቆዩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች።

ሦስት ወር ሲሞላ ዶክቶራዋ ያንኑ ወረቀት ይዛ መጣች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። እኔም እንደበፊቱ አሳጥሬ ጠየቅሁ፤ አልሐምዱሊላህ ተባለ፤ ኩዋይሳ አልኩ። መርፌው ለጊዜው ቆመ፤ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን።

ስድስት ሳምንት ቆይታ ስትመለስ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። አጠገቤ ተቀመጠችና ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሳየችኝ። ትክክል እኩል ናቸው።

«ይሄ ከመርፌው በፊት ነው፣ ይሄ ከመርፌው በኋላ» አለች። «በዚህ ወረቀት፣ ያ ሐጅ፣ እናንተ መጀመሪያም አልታመማችሁም፣ አሁንም አልዳናችሁም። ከፋዮቹ ይሄን አይተው መርፌው ምንም ኑሮ አልጨመረም ብለዋል። ሊዘጉት ነው።»

«የልጅቷን እጅ አላዩም?»

«እጅ አያዩም። ወረቀት ነው የሚያዩት።»

 ኦምዱርማን እስክደርስ ያንን ሁለት መስመር እያሰብኩ ነበር። የኔን ኩዋይሳ ነበር ያሰመረችው።

በሚቀጥለው ዓርብ የወሎዋ ልጅ ስትመጣ እጆቿን በሻርፗ ጠቅልላ ነበር። ገልጣ አሳየችኝ። ተመልሰዋል።

«ትሪ ከነስኒው ጣልኩ» አለች። «እመቤቲቱ አልጮኸችም። ዝም ብላ ሰበሰበችው። ራሷ ናት የሰበሰበችው፣ አባባ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ማታ ጠርታኝ እስከ ወር መጨረሻ አይሻለሁ፣ ካልሆነልሽ ሌላ ሰው አመጣለሁ አለችኝ።»

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። እሷ ከዚያ ቤት ከወጣች ማደሪያ የላትም። የመኖሪያ ወረቀቷም በእመቤቲቱ ስም ነው የወጣው፤ ከቤቱ ስትወጣ ወረቀቱም ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሐበሻ የሚለቃቅሙት ፖሊሶች መንገድ ላይ ካገኟት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወሎ ውስጥ እናቷ ዘንድ ያለች አንዲት ልጅ አለቻት። ያ ሁሉ በአሥር ጣት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቹ ደግሞ በመርፌው ላይ።

«ለምን ያኔ እውነቱን አልተናገርሽም?» አልኳት። ጥፋቱን ወደ እሷ ላዞር ፈልጌ ነው።

«ምን ተናገርኩ? ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

«አልሐምዱሊላህ ነዋ ያልሽው።»

«ታዲያ አልሐምዱሊላህ አልበል? እርስዎ ምን አሉ?»

 መቶ ማለቴን አልነገርኳትም።

ዶክቶራዋ ከውስጥ ክፍል ነበረች። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ሰው ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ቶሎ ነው፤ ከተቀመጠበት የቁርጥማት እግር አያስነሳውም። ሁሉንም ነገርኳት። ጥያቄውን እንዳሳጠርኩ፣ ምስጋናውን ሁሉ ኩዋይሳ እንዳልኩ፣ የዓመቱን ጥያቄ ጭራሽ እንዳልጠየቅሁ።

«ማንን ነው ያልጠየቅከው?»

«ስድስቱንም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮኸችም። «እኔም ጣቶቿን እያየሁ ነው የጻፍኩት» አለች። «ጥፋቱ የኔም ነው።» ከዚያ እንደገና መጠየቅ እንደሚቻል፣ ለከፋዮቹ ስህተቱን ጽፋ እንደምትልክ፣ እሺ ካሉ ሰባታችንም መርፌውን ሦስት ወር እንደምንወስድና በፊትና በኋላ እንደምንለካ ነገረችኝ። «ግን ቃሉን አንድም አትቀንስም፣ አንድም አትጨምርም። በመቅጃ እቀዳዋለሁ፤ ሌላ ሰው ያዳምጠዋል።»

«አሁንም እኮ አልሐምዱሊላህ ነው የሚሉሽ» አልኳት። «ቃሉን ብታስረዝሚውም ያንኑ ነው የሚሉሽ። ከመጠየቅሽ በፊት ማውራት ይቻላል?»

«ምን ዓይነት ማውራት?»

«ሰላምታ።»

«ሰላምታ ወረቀቱ ላይ የለም» አለች። ትንሽ አሰበች። «ስለዚህ አይከለከልም።»

ከፋዮቹ እሺ እስኪሉ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የወሩ መጨረሻ እየደረሰ ነበር። የወሎዋ ልጅ ሦስቱን ሳምንት ሰሃን በክርኗና በደረቷ ይዛ እያጠበች ቆየች። በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ጠዋት ዶክቶራዋ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተቀመጠች።

ሰላምታውን ጀመርኩ። እንዴት ሰነበትሽ አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። እናትሽስ? አልሐምዱሊላህ። ልጅሽስ? አልሐምዱሊላህ። ጎረቤቱ? አልሐምዱሊላህ። ዝናቡስ አገሩን እንዴት አደረገው? አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው አሉ። በሬው? በሬ የለንም፣ አባባ። ላሚቱስ? ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ቤቱ፣ እመቤቲቱ፣ የእመቤቲቱ ልጆች፣ ጠባቂው። ዶክቶራዋ ሰዓቷን አየች። እኔ አልቸኮልኩም። የወሎ ሰው ሰላምታ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ የኔም አያልቅም።

በመጨረሻ የምጠይቃት አጣሁ።

«ምስጋናው አለቀ?» አልኳት።

«አለቀ» አለች፤ ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

«እንግዲህ ለፈጣሪ ተነግሯል። ከእሱ የሚሰወር የለም፤ ቅሬታም አይቆጥርብሽም። አሁን የምትነግሪው ለወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ካልነገሩት ምንም አያውቅም።»

«ወረቀቱ የት ነው የሚሄደው?»

ዶክቶራዋን ጠየቅኳት። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው፣ እመቤቲቱ አታየውም አለች። ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ ስሟን ፈለገች፤ አጣችው።

ያኔ ቃሉን ሳልቀንስ ሳልጨምር ጠየቅሁ። መራመዱ ትንሽ ይቸግረኛል አለች። ስለ መታጠብና መልበስ ስደርስ አምስቱንም መልስ አንድ በአንድ አልኩላት። እሷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር።

«ቁልፍ አልቆልፍም» አለች። «ፀጉሬን ጎረቤት ያለችው ልጅ ናት የምትሠራልኝ። እሱስ ይሁን። ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ውኃው እጄ ላይ አይቆምም። ጣቴ ስለማይገጥም ይፈሳል። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ እዘግናለሁ። አንዳንድ ጊዜ እንደታጠብኩ ቆጥሬ እሰግዳለሁ። እሱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«በጣም ይቸግረኛል ነው ወይስ ጭራሽ አልችልም?»

«በጣም ይቸግረኛል በል።»

በል አለችኝ፤ አንቱታውን ረስታው ነበር። አላረምኳትም።

ሥራውን፣ ሕመሙን፣ ጭንቀቱን ሁሉ መለሰች። መስመሩ ላይ ሠላሳን ነካች። ከዚያ የዓመቱ ጥያቄ መጣ። አፌን ሊይዘኝ ነበር፤ መቅጃው ይቀዳል፤ ጠየቅኳት። እኔ ዕድሜ የማን ነው ብላ ትሞግተኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ጀመር፤ የማይታጠፈውን በሌላው እየነካች።

«ልጄ አሥር ዓመቷ ነው» አለች። «አሥራ ሰባት እስኪሞላት ሰባት ይቀራል። ሰባቱን በደህና እጅ ይስጡኝ። ሦስቱን ይውሰዱት።»

ወደ ዶክቶራዋ ዞርኩ። ሰባት አልኳት። ጻፈች።

የቀሩት አምስቱ ሴቶችም ተጠየቁ፤ ለእያንዳንዷ ሰላምታውን ጨርሼ ነው የጠየቅሁት። ጉሮሮዬ ደረቀ። መጨረሻ ላይ ዶክቶራዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔን በቀጥታ በአረብኛ ነው የምትጠይቀኝ። የወሎዋ ልጅ ከጥግ ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሪያድ የኖረች ሰው አረብኛ ትሰማለች።

«መራመድ» አለች ዶክቶራዋ።

«ኩዋይስ» አልኩ፤ ለወንድ እንዲያ ነው የሚባለው።

«አባባ» አለች ልጅቷ ከጥግ ሆና። «ምስጋናው አለቀ?»

ተናደድኩባት። ከዚያ ደከመኝ። ንዴቱም ጉልበት ይፈልጋል።

እንግዲህ ተናገርኩ። ክር ያለው ጫማ ካደረግሁ ሁለት ዓመት እንዳለፈኝ። ከተኛሁ ጠዋት መነሳት ስለማልችል ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ እንደማድር። ቤተ ክርስቲያን የተውኩት ከዲያቆኑ ተጣልቼ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ ዲያቆኑ ምስኪን ነው፤ ምንም አላደረገኝም። ቅዳሴው ላይ መቆም አቅቶኝ ነው። ሽማግሌ ይቀመጥ ይሉኛል፤ ተቀመጥ መባሉን ስላልፈለግሁ ቀረሁ። ይሄን ሁሉ ለሱዳናዊት ልጅ በአረብኛ ነገርኳት። በአማርኛ ቢሆን አልችልም ነበር።

መስመሩ ላይ ሃያ አምስት ነካሁ።

«ከአሥሩ ዓመት ስንቱን በጤና?» አለችኝ።

«አሥር ማን ሰጠኝና» አልኩ። ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። «ሁለት» አልኳት። «ሁለት ይበቃኛል። ቆሜ የማስቀድስበት ከሆነ።»

የዚያኑ ቀን መርፌው ተጀመረ፤ ለሁላችንም። እመቤቲቱ ወሩን አራዘመችላት፤ ክሊኒኩ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጽፎላት ነበር፤ ሕክምና ላይ ናት የሚል፤ ሕመሙን ሳይጠራ።

ሦስት ወር ሲያልቅ የልጅቷ እጅ ጠርሙስ ይከፍታል። የኔ ያው ነው ለማለት ባልደፍርም፣ ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ይፈታል። ጉልበቴ ግን የራሱ ጌታ ነው። ዶክቶራዋ እንደገና ልትለካን በመጣች ጠዋት፣ ከፋዮቹ ደንብ እንዳወጡ ነገረችን። መስመሩ ላይ በደንብ ከፍ ያለ ሰው መርፌው ይቀጥልለታል። ከፍ ያላለ ወደ ኪኒኑ ይመለሳል።

የወሎዋ ልጅ ሰባ ነካች። አልዋሸችም፤ እጇን እያየሁ ነው። ቦታ ስትለቅልኝ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ስልሳ ይበሉ፣ አባባ» አለችኝ።

«ስልሳ አይደለሁማ።»

«ማን ያውቃል? እጅ አያዩም፣ ወረቀት ነው የሚያዩት።»

ትክክል ናት። ስልሳ ብል ማንም አያውቅም። የመርፌውም ነገር እያደር ይረዳኝ ይሆናል። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። አንዴ መቶ ብዬ ያመጣሁትን አየሁት፤ ሰባት ሰው ነው በእኔ ቃል ጤነኛ የሆነው። ደግሞ ስልሳ ብል ወረቀቱ እንደገና የእኔ ኩዋይሳ ሊሆን ነው።

«ሠላሳ አምስት» አልኳት ዶክቶራዋን።

«እርግጠኛ ነህ፣ ያ ሐጅ?»

«ጻፊ።»

ጻፈች። የወሎዋ ልጅ ከንፈሯን መጠጠችና «ግትር ሽማግሌ» አለች፤ በአረብኛ፣ ዶክቶራዋም እንድትሰማ።

መልሱ ሲመጣ ለእሷና ለሌሎች ሦስት ሴቶች መርፌው ቀጠለ። እኔ ወደ ኪኒኑ ተመለስኩ። ዶክቶራዋ ራሷ ነች የነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ወረቀቱን አላነበበችም፤ በቃሏ ነው። መዓሌሽ፣ አይዞህ አለችኝ። መዓሌሽ አልኳት እኔም። ኪኒኑን በከረጢት አድርጌ ያዝኩ፤ ከረጢቱን መያዝ ለጣቴ ስለሚከብደው የወሎዋ ልጅ እስከ መኪናው ማቆሚያ ያዘችልኝ። በአንድ እጇ ነው የያዘችው፤ በሌላው ክንዴን ደግፋለች።

ሀፍላው መጣ። ኩምሳሪው ከላይ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ከታች ገፋችኝ። ከረጢቱን አቀበለችኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ኩምሳሪው እንደልማዱ «ኬፍ፣ ያ ዐሚ፣ ታማም?» አለኝ፤ አጎቴ ደህና ነህ ማለቱ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት። እሱ ወረቀት አልያዘም።